ቦራን ማስያዝ

«ቦራን አስይዤዋለሁ አልኩህ እኮ» አለ ኦልያድ በስልክ፣ ከኮምፖልሳቶው ማዶ። «በአምስት መቶ። አዎ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይለይለታል፤ አዲሱ ገበያ፣ ቤቲንግ ጋ እንገናኝ። እናቴ? እናቴ ምኑን አውቃው።»

ኮምፖልሳቶ ድምፅ እንዲከለክል ተብሎ የተሠራ ነገር አይደለም። ሾዴ በዚህኛው ወገን፣ እጇን እስከ ክርኗ የራሰ ፉርሽካ ባልዲ ውስጥ እንደነከረች ቀረች። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከልጇ አፍ የሰማችውን አንድ በአንድ መልሳ አገላበጠችው። ቦራ ፈረሷ ነው። ማስያዝ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የማያውቅ የጉለሌ ሰው የለም፤ እዚያው ግቢ ያሉት ጎረቤት ፍሪጃቸውን አስይዘው ከተበደሩ ዓመት አልፏቸው እስካሁን ወተት በቀን በቀኑ ነው የሚገዙት። እንግዲህ አዲሱ ገበያ ቤቲ የምትባል ሴት አለች ማለት ነው፣ ፈረስ ይዛ ገንዘብ የምትሰጥ። ከቤቲ ኋላ የተንጠለጠለችውን «ንግ» ሾዴ አልሰማቻትም፤ ብትሰማትም የልጇ የጠዋት ጉሮሮ ናት ብላ ነበር የምታልፋት። ከሁሉም ያንገበገባት ግን አምስት መቶው ነው። ፉርሽካ ኩንታሉ ሦስት ሺህ ብር በገባበት ዘመን ቦራ በአምስት መቶ ብር ተያዘ። ኮርቻው ብቻውን ስድስት ሺህ ያወጣል። ልጄ ከፋ እንበል፣ እንዴት ዋጋ አያውቅም፣ አለች በሆዷ፤ ወዲያው ደግሞ በየትኛው መናደድ እንዳለባት ግራ ገባት።

ቦራ ግንባሩ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ ነው፤ ስሙም ከዚያው ነው የወጣለት። ዕድሜው አስራ አራት ነው። ቅዳሜና እሁድ ወደ እንጦጦ ለሽርሽር የሚወጣውን ሰው በሁለት መቶ ብር አንድ ዙር እያንሸራሸረ ራሱንም እነሱንም ያበላል። ባሏ በሕይወት ሳለ ሰፈሩ በገዛ ስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ እንደ ድሮ ሰው በፈረሱ «አባ ቦራ» ነበር የሚሉት። ስሙ የእድር መዝገብ ላይ ብቻ ተቀምጦ ቀርቶ፣ የሞተ ዕለት ጥሩንባ ነፊው ሲጠራው ግማሹ ሰፈር ማን እንደሞተ አልገባውም ነበር። ይኸው አራት ዓመት ሆነው። በእነዚህ አራት ዓመታት እናትና ልጅ ዋና ዋናውን ነገር የሚነጋገሩት በፈረሱ በኩል ሆኗል። «ቦራ በላ?» ካለች ልጇ መብላቱን እየጠየቀች ነው። «ቦራ ዛሬ ደክሞታል» ካለ የደከመው እሱ ነው። አሁን ታዲያ ቦራን አስይዘኸዋል ወይ ብሎ መጠየቅ በማን በኩል ይሆናል?

ኦልያድ ወጣና ሻዩን ቆሞ ጠጣ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ላቫጆ ውስጥ መኪና ያጥባል፤ እጁ ሁልጊዜ እንደታጠበ ሰው እጅ የነጣ ነው። ግማሹን ዳቦ ኪሱ ከትቶ በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ ወደ ጋጣው ሄደና የፈረሱን ግንባር ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው። «አደራ እንግዲህ፣ እንዳታዋርደኝ» አለው። እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም። ለሾዴ የቀረቻት ጥርጣሬ እዚያ ላይ ሄደች።

«ቦራ ዛሬ የትም አይሄድም አይደል?» አለችው።

«ሐሙስ አይደል እንዴ፣ የት ይሄዳል» አለና ወጣ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፈረሱን ይዛ ወጣች። ሐሳቧ ቀላል ነበር፤ ቤቲ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈረሱን ልትወስድ ብትመጣ ባዶ ጋጣ ይጠብቃታል። ቦራ እሁድ የሆነ መስሎት መንገዱን ራሱ እየመራ ዳገቱን ተያያዘው። የባሏ ታናሽ ወንድም በዳሳ ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ ነው የሚኖረው። የእጽዋት ማዕከሉ ውስጥ ችግኝ ይንከባከባል፤ ሐሙስ እረፍቱ ነው። በአንድ ወቅት ማህበራዊ ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ዳኛ ሆኖ ስለነበር ከችግኝ ቀጥሎ የሚወደው ነገር ሕግ ነው። ሾዴ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እየቀላቀለች ስትነግረው አንድ ጊዜ አላቋረጣትም፤ ስትጨርስ ብቻ ሰዓቱን አየ።

«መደበቅ አያዋጣም፣ እትዬ» አለ። «የተያዘ ንብረት መደበቅ ያስጠይቃል። የሚያዋጣው ንብረቱ ያንቺ አለመሆኑ ነው። ያንቺ ካልሆነ ልጅሽ ያስያዘው የሰው ፈረስ ነው፤ ውሉ ፈረሰ ማለት ነው።»

«ታዲያ የማን ይሁን?»

«የኔ» አለ በዳሳ። «ለጊዜው።»

ከልጁ ደብተር መሀል አንድ ወረቀት ገንጥሎ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ። ሻጭ ወይዘሮ ሾዴ፣ ገዢ አቶ በዳሳ፣ የተሸጠው ግንባሩ ነጭ የሆነ ዳማ ፈረስ አንድ፣ ዋጋው ብር አንድ መቶ፣ ተከፍሏል።

«መቶ ብር?» አለች ሾዴ። «ልጄ እንኳ በአምስት መቶ ነው ያስያዘው።»

«ለይምሰል ነው እኮ።»

«ለይምሰልም ቢሆን፣ አንተ ስትሆን ትንሽ ከፍ አይልም?»

«ከፍ ካለ ግብር አለው» አለ በዳሳ። ለምስክርነት አንዱን ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ፣ አንዱን መጥረቢያ ሊዋስ የመጣ ጎረቤት ይዞ አስፈረመ፤ ሁለቱም አላነበቡትም። ያልተከፈለበት ሽያጭ ስጦታ ይባላል ብሎ መቶ ብሩንም በግድ አስያዛት። የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ቦራ ባለቤቱ መለወጡን ሳያውቅ በበዳሳ አጥር ሥር ሣር ይግጥ ነበር።

ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሾዴ ቤቷ ገብታ መቀመጥ ትችል ነበር። ግን ያቺን ሴት በዓይኗ ሳታያት መዋል አልሆነላትም፤ በአምስት መቶ ብር የሙት ፈረስ የምትይዝ ሴት ምን ዓይነት ፊት እንዳላት ማወቅ ፈለገች። በዳሳ የጻፈውን በካርቦን አስገልብጦ ግልባጩን ሰጥቷት ስለነበር፣ እሱን ጡቷ ሥር ሸጉጣ በታክሲ አዲሱ ገበያ ወረደች። ቤቲን ያላጠያየቀችው ሰው የለም። ሽንኩርት የምትሸጠው አይሻ የምታውቃት ቤቲ ፀጉር ነው የምትሠራው፤ ፈረስ ስትይዝ አይታት አታውቅም። የጎሚስታው ሰው ግን ጎማውን ሳይለቅ ሳቀ።

«ቤቲንግ ነው የሚፈልጉት፣ ማዘር። ያው፣ ፎቁ ሥር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ። ፈረስም አለ፣ ውሻም አለ።»

«ውሻም ትይዛለች?»

«ሁሉንም» አለ የጎሚስታው ሰው።

ቤቱ ከውጭ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ በሩ ላይ ከሃያ አንድ ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው ይላል። ጥበቃው የሾዴን ዕድሜ አልጠየቃትም፤ ቦርሳዋን ብቻ ፈትሾ አሳለፋት። ውስጡ ወንድ ብቻ ነው። አርባ የሚሆኑ ወንዶች በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ቴሌቪዥኖች ያያሉ፤ ቅዳሴ ላይ እንኳ ወንዶች እንዲህ ዝም ብለው አይታ አታውቅም። ወለሉ በተቀዳደደ ትንንሽ ወረቀት ነጥቷል። ሾዴ ጓሮ በኩል በር ይኖር እንደሁ ዞር ዞር ብላ አየች፤ ፈረሶቹን የሚያቆሙበት እዚያ መሆን አለበት ብላ። ሽታቸው ግን የለም። ይሄ መጀመሪያ ያደናገራት ነገር ነው፤ ፈረስ ያለበት ቤት እንዴት ሽንት ሽንት አይልም? ከመስታወቱ ኋላ ቀጭን ልጅ ተቀምጣ ፖስቲሽ ታበጥራለች።

«ቤቲ አንቺ ነሽ?»

«ሰምሀል ነኝ» አለች ልጅቱ። «ምን ልታዘዝ፣ ማዘር?»

«ፈረስ ላስለቅቅ ነው የመጣሁት። ልጄ እዚህ አስይዞ።»

«ቲኬት ይዘዋል?»

«ውል ነው የያዝኩት» ብላ ሾዴ ወረቀቱን በመስታወቱ ቀዳዳ አሾለከችው። ሰምሀል ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ ደግሞ በብርሃን አየችው።

«ባርኮድ የለውም» አለች። «ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ፈረስ ቁጥር የለውም። ቦራ ነው የሚባለው።»

ይሄን ጊዜ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ሦስት አራቱ ዘወር አሉ። «ቦራ አምስት ቁጥር ነው» አለ አንዱ። «ቦራን ባለፈው ሐሙስ በልቼበታለሁ» አለ ሌላው። ሦስተኛው ቦራ ዝናብ ላይ አይሆንም አለ። አርባ ወንድ ያለበት ቤት ውስጥ ፈረሷን የማያውቅ የለም፤ አንደኛው ደግሞ በልቶበታል። ዝናብ ላይ ግን ቦራን የሚያህል የለም፣ ይሄ ሐሰት ነው፤ ሌላው እውነት ቢሆን እንኳ ይሄ ሐሰት ነው።

ጥግ ላይ የተቀመጡ ኮት የለበሱ ሰው ወንበር ስበው አስቀመጧት። አጥናፉ ይባላሉ፤ ፖስታ ቤት ሠርተው በጡረታ ወጥተዋል፤ በቀን ከሃያ ብር በላይ አይጫወቱም። እንዳይደነግጡ፣ እህቴ፣ ብለው ጀመሩ፤ እንደሚያስደነግጥ ሰው ቀስ ብለው። ቤቲንግ የሰው ስም አይደለም፣ ውርርድ ማለት ነው አሏት። ማስያዝም ብድር አይደለም፣ ያሸንፋል በሚሉት ፈረስ ላይ ብር መመደብ ነው። ፈረሶቹ የፈረንጅ ስም ነበራቸው፤ ለመጥራት ስለማይመች እዚህ ያለው ሰው እንደየመልካቸው ስም አውጥቶላቸዋል። አምስት ቁጥር ግንባሩ ነጭ ስለሆነ ኦልያድ የሚባል ልጅ ቦራ አለው፤ በቃ፣ ቦራ ሆኖ ቀረ።

«ሜዳው የት ነው?» አለች ሾዴ።

«ሜዳ የለውም።»

«ጃን ሜዳ ነው?»

«ድሮ ጃን ሜዳ ነበረ። ይሄኛው ግን የትም የለም። የሚሮጠው ኮምፒውተሩ ነው። በስልክም ይመደባል፣ ቤትዎ ተኝተው።»

«የሚጋልበውስ?»

«እሱም ኮምፒውተሩ።»

«የሚሸነፈውስ?»

አጥናፉ የተደረደሩትን ወንበሮች አዩ። «እኛ» አሉ።

«መንግሥት ያውቀዋል?»

በጣታቸው ግድግዳውን አሳዩዋት። በመስታወት የታሰረ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰቅሏል። ሾዴ ማኅተሙን ትክ ብላ አየችው፤ ክብ ነው፣ እውነተኛ ማኅተም ነው። «ሜዳ ለሌለው ግልቢያ ፈቃድ ሰጡ?» አለች። «ሜዳ ቢኖረው ፈቃዱ አይገኝም ነበር» አሉ አጥናፉ፤ «ለሜዳ መሬት ያስፈልጋል።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ስምንት ፈረሶች ወጡ። ሾዴ ሳታስበው ተነሥታ ጠጋ አለች። አምስት ቁጥር እውነትም ግንባሩ ነጭ ነው። ሮጡ፤ ግን አቧራ የለም፣ ላብ የለም፣ አንዱም አያለከልክም። ስምንቱም እግራቸውን እኩል አንሥተው እኩል ይጥላሉ፣ ከአንድ ሆድ እንደወጡ። «ይሄ ፈረስ ሰኮናው መሬት አይነካም እኮ» አለች፤ ለማን እንደምትናገር አላወቀችም። ከፊት የተቀመጠው ሰው ሳይዞር፣ «የትኛው፣ ማዘር?» አላት። ሁሉም ናቸው ስትለው ቅር አለው፤ ምክር መስሎት ነበር። ወደ መቀመጫዋ ስትመለስ ማወቅ ያለባትን ሁሉ አውቃለች፤ ፈረሷን ማንም አልያዘውም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ልጇ ያላስያዘውን ፈረስ ጠዋት በመቶ ብር የሸጠችው እሷ መሆኗ ግን ቀስ እያለ፣ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከላይ ወደታች ወረዳት።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል በሩ ጋ ጫጫታ ሆነ። «አባ ቦራ መጣ፣ አባ ቦራን አሳልፉት» አለ አንዱ። ሾዴ ብድግ አለች። ከአራት ዓመት በኋላ ያንን ስም በሰው አፍ መስማቷ ነው፤ ለአንድ አፍታ፣ ሙሉ ልብ ሆና፣ ባሏን ጠበቀች። የገባው ኦልያድ ነው። ሸሚዙ በላቫጆ ውሃ ርሷል፤ ትከሻው ግን ቤት ውስጥ ከምታውቀው ይሰፋል። አንዱ ወንበር ለቀቀለት፣ አንዱ ስለ ሰባት ቁጥር ጠየቀው፤ እሱም እንደ ዳኛ መለሰለት። እናቱን ያያት ከተቀመጠ በኋላ ነው።

«እማዬ? ምን ሆነሽ ነው? ቦራ አሞት ነው?»

የትኛው፣ ልትለው ነበር። ግን የሐሙሱ ትልቁ ዙር ተጀመረና ቤቱ ተነሥቶ ቆመ። ኦልያድም ቆመ። ሾዴ ቴሌቪዥኑን አይደለም ያየችው፣ እሱን ነው። አፉ ተከፍቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ «ቦራ፣ ና፣ ና፣ የኔ ልጅ፣ ና» ይላል። የቤታቸውን ቦራ በዚህ ድምፅ ጠርቶት አያውቅም። አምስት ቁጥር በአፍንጫ ቀደመ። አጥናፉ ሃያ ብራቸውን ተሰናበቱ። ሰምሀል ግብሩን ቆርጣ ለኦልያድ ሁለት ሺህ ምናምን ብር ቆጠረችለት፤ እሱም ለእናቱ ሚሪንዳ ገዝቶ ይዟት ወጣ። እግረኛው መንገድ ላይ ቆማ የሰማችውን፣ የመሰላትን፣ ቤቲን ሁሉ ነገረችው። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ማን ይይዘዋል፣ እማዬ? ያንን ሽማግሌ ማን ይፈልገዋል? ይሄኛው ቦራ እኮ ፉርሽካ አይበላ፣ ለሰኮናው ናል አይፈልግ፣ አይታመም።»

«እኔ ሸጬዋለሁ» አለች።

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ማውረዱን ረሳው። ለማን አላት፤ ለበዳሳ አለችው። በስንት አላት። ስትነግረው ወደ ቤቲንጉ በር አየ፣ ከዚያ ወደ ዳገቱ አየ። ታክሲ ያዙ። ሚሪንዳውን ሳትከፍተው ጭኗ ላይ እንደያዘችው ቁስቋም ደረሱ።

በዳሳ አጥሩ ሥር ቆሞ የፈረሱን ጋማ ችግኝ በሚኮተኩትበት ጣቱ እያፍታታ ነበር የጠበቃቸው። ነገሩን ሁለት ጊዜ አስደገመና፣ «የቱ ቦራ ነው ያሸነፈው?» አለ።

«የኮምፒውተሩ፣ ጋሼ።»

«የቱ ቦራ ሮጠ?»

«ማንም አልሮጠም።»

«ያልሮጠ ፈረስ አሸነፈ» አለ በዳሳ፤ ለጸሐፊ እንደሚያስመዘግብ ሰው። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ሾዴ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈትታ መቶ ብሩን መዳፏ ላይ ዘረጋችው። በዳሳ ግን ወረቀቱን ሊቀድ ሁለት እጁን ካዘጋጀ በኋላ ቆመና ኦልያድን አየው።

«ዛሬ የሌለውን ቦራ አስያዝክ፤ እሺ፣ ሕጋዊ ነው። ነገ የሌለው ሲያልቅብህ ያለውን አታስይዝም? አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። እተዋለሁ በለኝና ፈረስህን ይዘህ ውረድ።»

ቀላል ነገር ነበር። ኦልያድ ለላቫጆው አለቃ በየቀኑ ይዋሻል፤ መንገድ ላይ ነኝ ይላል አልጋ ላይ ሆኖ። ሾዴ ጠበቀች። ቦራ ጭራውን አወናጨፈ። ልጇ ፈረሱን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ሲንቀጠቀጥ እጁ ወደዚያ ሄዶ ተመለሰ። «እ... ማለቴ፣ ጋሼ...» አለና እዚያው ላይ ቀረ። ከግንባሩ የሚወርደውን ላብ ስታይ ሾዴ ቀኑን ሙሉ ካየችው ነገር ሁሉ አንዱ ብቻ ግልጽ ሆነላት፤ ልጇ ሊዋሽ አልቻለም። ይሄ ጥሩ ነገር ይሁን መጥፎ አላወቀችም። መቶ ብሩን አጠፈችና መልሳ ቋጠረችው።

«ውሃውን ለብ አድርግለት» አለችው በዳሳን። «ፉርሽካ በቀዝቃዛ ውሃ ከሆነ ሆዱን ይነፋዋል።»

«አውቃለሁ» አለ በዳሳ፤ አያውቅም ነበር። «እትዬ፣ ለይምሰል ነበር እኮ የጻፍነው።»

«ተፈርሟል» አለች ሾዴ፤ ፈረሱን ሳትነካው ወጣች።

ቁልቁለቱን እሷ ከፊት፣ እሱ አምስት እርምጃ ያህል ወደኋላ ቀርቶ ወረዱ። ታክሲ መያዣው ጋ ሲደርሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «እተዋለሁ እኮ፣ እማዬ» አለ።

«ሄደህ ለእሱ ንገረው።»

«ለጋሼ?»

«ለቦራ።»

ኦልያድ ከንፈሯን አየ፣ የሳቅ ምልክት ፈልጎ። ታክሲው መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ አዲሱ ገበያ፣ አዲሱ ገበያ ይላል። ሾዴ ገብታ የመስኮቱ ጥግ ተቀመጠች፤ ከአጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ኦልያድ አንድ እጁን በሩ ላይ አሳርፎ መንገዱ መሀል ቆሟል፤ ወደ ውስጥ ያያል፣ ወደ ዳገቱ ያያል።

«ሁለት ናችሁ፣ ማዘር?» አለ ረዳቱ።

ሾዴ ቦርሳዋን ከፍታ ሳንቲሙን ቆጠረች። «የአንድ ሰው ነው» አለች።